«ላም አለኝ በሰማይ» ወይስ የሚሰላ ተስፋ?

መስከረም ሊጠባ ሲል በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ሁለት ነገሮች በጉጉት ይጠበቃሉ። አንደኛው የቦረናን ደጋ ቢጫ የሚያለብሰው አደይ አበባ ነው፤ እርሱ ቀጠሮውን አያዛባም። ሁለተኛው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጣ ሲሆን፣ አፕል የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ሰሞን ይፋ የሚያደርገው አዲስ ስልክ ነው።

ባለፈው ክረምት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ከተማዋ በሄድሁ ጊዜ ዝናብ አባርሮኝ ከአንድ ሻይ ቤት ገባሁ። ከጎኔ የነበሩት ወጣቶች ከፊሎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ከፊሎቹም ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ናቸው። ገና ስላልወጣው ስልክ አጥብቀው ይከራከራሉ። አንዱ «ባትሪው በአንድ ደቂቃ ይሞላል» ይላል። ሌላው «ጀርባው በፀሐይ ስለሚሠራ ቻርጀር አያሻውም» ሲል ይምላል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሁለተኛው ወሬ ብዙ ደጋፊ አገኘ። ከተከራካሪዎቹ መካከል ያን ስልክ የመግዛት አቅም ያለው አንድም ሰው እንዳልነበረ እገምታለሁ፤ ክርክሩ ግን የእግር ኳስ ፍጻሜ ዋዜማ ያህል የጦፈ ነበር።

እንዲህ ያለውን ጉጉት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ የሚያጣጥሉት ጥቂቶች አይደሉም። እኔ ግን አልስማማም። ለዶክትሬት ትምህርቴ በውጭ አገር ሳለሁ፣ ገንዘቡ ያላቸው ሰዎች በብርድ ሌሊት ከሱቅ ደጃፍ ተኮልኩለው ሲያድሩ አይቻለሁ። ጉጉት የድህነትም የድንቁርናም ምልክት አይደለም። እንዲያውም ሳይንስ የሚጀምረው ገና ያልታየን ነገር ከመናፈቅ ነው። የምቃወመው ጉጉቱን ሳይሆን ስሌት አልባነቱን ነው።

ምን ይመስላል? ወይስ በምን ይሠራል?

በ1999 ዓ.ም. የገና ሰሞን ዓለም በተመሳሳይ ክርክር ተጠምዶ ነበር። አፕል ስልክ ሊሠራ ነው የሚለው ወሬ ከተናፈሰ ቆይቶ ስለነበር፣ አድናቂዎች የስልኩን መልክ በየፊናቸው ይሥሉ ነበር። ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ አይፖድ የተባለውን የኩባንያውን የሙዚቃ ማጫወቻ ወስደው፣ በጣት የሚዞረውን ክብ መቆጣጠሪያ እንዳለ አስቀርተው፣ የስልክ ቁጥሮችን የጨመሩ ነበሩ። ጥር 1 ቀን 1999 ዓ.ም. ስቲቭ ጆብስ በሳንፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ያሳየው መሣሪያ ግን ያ ክብ አልነበረውም። ፊቱ በአብዛኛው በጣት የሚነካ መስታወት ነበር።

አድናቂዎቹ ለምን ተሳሳቱ? «ምን ይመስላል?» ብለው ስለጠየቁ ነው። ይህ ጥያቄ ትናንትን አስረዝሞ ነገ ብሎ ከመጥራት አያልፍም። «በምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን የተሻለ ዕድል ነበረው። የሰው ጣት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ በመሆኑ፣ መስታወቱን ሲነካ ከሥሩ ባለው የኤሌክትሪክ መስክ ላይ ለውጥ ያመጣል፤ መሣሪያው ይህን ለውጥ ለክቶ ጣቱ የት እንዳረፈ ያውቃል። መሠረቱ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «ካፓሲተር» በሚለው ምዕራፍ የሚያገኘው ነው። በወሬና በመላ ምት መካከል ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ነው፤ ወሬ ይደነቃል፣ መላ ምት ግን ይፈተናል።

በጀሪካን የሚለካ ባትሪ

እስቲ የሻይ ቤቱን ወሬዎች እንፈትን። 5,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት የተባለ የስልክ ባትሪ፣ አማካይ ቮልቴጁ 3.85 ቮልት ቢሆን፣ 19.25 ዋት-ሰዓት ኢነርጂ ይይዛል። ይህም 69,300 ጁል ነው። ቁጥሩ ለዓይን ባዶ እንዳይሆን ወደ ምንጭ እንውረድ። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ 196 ጁል ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ባትሪ ማለት ያንን ጀሪካን ከ350 ጊዜ በላይ ማንሣት ማለት ነው።

ይህን ያህል ኢነርጂ በ60 ሴኮንድ ለማስገባት 1,155 ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ያሻል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ለማጋል የሚበቃ ኃይል በቀጭኗ የስልክ ገመድ ይለፍ እንደማለት ነው። ከዚህ 5 በመቶው ብቻ ባትሪው ውስጥ ወደ ሙቀት ቢቀየር 58 ዋት ገደማ ይሆናል፤ መዳፍ በምታህል መሣሪያ ውስጥ ይህ ሙቀት የት ይሄዳል? ወሬውን ያመጣው ተማሪ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ሻዩን መጨረስ የለበትም።

የፀሐዩ ወሬ ደግሞ ከፊል እውነት አለው። 16 በ7.5 ሴንቲሜትር የሆነ የስልክ ጀርባ ስፋቱ 0.012 ካሬ ሜትር ነው። በጠራ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ያህል የፀሐይ ብርሃን ይወርዳል፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋችን ይህን ማግኘት አያዳግትም። ስለዚህ በስልኩ ጀርባ ላይ 12 ዋት ያርፋል፤ የፀሐይ ሴሉ 20 በመቶውን ቢቀይር 2.4 ዋት እናገኛለን። ባትሪው ባዶ ከሆነ ለመሙላት 8 ሰዓት ያህል ያልተቋረጠ ቀጥተኛ ፀሐይ ያስፈልጋል ማለት ነው። ያውም ስልኩን ሳንነካው፣ ተደፍቶ እየተቀቀለ። በክረምት ጉም ደግሞ የሚሆነውን አንባቢ ራሱ ይገምት።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ለዚህ ሁሉ ካሊፎርኒያ አዳራሽ መገኘት አላስፈለገንም። እርሳስና ወረቀት በቅቶናል።

መቶ ዶላር ያልሆነው የመቶ ዶላር ኮምፒዩተር

የዚህ ዓይነት ጉጉት አገራችንን በቀጥታ የነካበት ጊዜም አለ። ጥር 1997 ዓ.ም. ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለድሃ አገሮች ሕፃናት የሚሆን የ100 ዶላር ላፕቶፕ እንደሚሠራ በዳቮስ አስታወቀ። ኅዳር 1998 ዓ.ም. በቱኒስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ከተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ከኮፊ አናን ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን ናሙና አሳየ። አረንጓዴ ነበር፤ በጎኑም መብራት በሌለበት የሚዘወር ቢጫ እጀታ ነበረው። ዓለምን ያስጨበጨበው ይህ እጀታ ነው።

የጀሪካኑን ስሌት እናስታውስ። ኮምፒዩተሩ 5 ዋት ብቻ ይፈልጋል እንበል። ለአንድ ሰዓት ትምህርት 18,000 ጁል ያሻዋል፤ ይህም የሚባክነውን ሳንቆጥር ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ከ90 ጊዜ በላይ ከማንሣት ጋር እኩል ነው። ይህን የሰባት ዓመት ልጅ እየዘወረ ፊደል ይቁጠር? ከሁለት ዓመት በኋላ በፋብሪካ የተመረተው ኮምፒዩተር እጀታ አልነበረውም፤ ዋጋውም ወደ 200 ዶላር ተጠግቶ ነበር። በቀጣዮቹ ጊዜያት ጥቂት ሺህ ያህሉ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገቡ።

ፕሮጀክቱን ለማንቋሸሽ አይደለም። የኢነርጂ ፍጆታን ዝቅ በማድረግና በፀሐይ ብርሃን የሚነበብ ስክሪን በመሥራት ያሳየው ጥበብ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጀታው እንደማያዛልቅ በደብተሩ ጠርዝ ላይ ማስላት ይችል ነበር። አስልቶም «ይልቅ የፀሐይ ሰሌዳውን ነገር አስቡበት» ቢል፣ ተቀባይ መሆኑ ቀርቶ ተመራማሪ ይሆን ነበር።

ጉጉት የሚያስከፍለው

ስሌት የሌለው ጥበቃ ዋጋ ያስከፍላል። የማውቀው አንድ ተማሪ አባቱ በሬ ሸጠው በላኩለት ገንዘብ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ ተነሥቶ ነበር። «አዲሱ ሞዴል ሲወጣ የአሮጌው ዋጋ ይወርዳል» የሚል ወሬ ሰምቶ መጠበቅ ጀመረ። ዋጋው አልወረደም፤ ገንዘቡ ግን በየምክንያቱ ተሸራረፈ። የመመረቂያ ጥናቱን ቤተ ሙከራ ክፍት በሆነ ሰዓት ብቻ እየተሻማ ዘግይቶ ጨረሰ። የእርሱን ፊት ሳስታውስ ነገሩ የዋዛ ጨዋታ መሆኑ ይቀርብኛል።

ጥበቃ የሚጎዳው ገዢን ብቻ አይደለም። ኦዝቦርን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1973 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር በመሸጥ ገንኖ ነበር። ቀጣዩን ሞዴል ቀድሞ በማስታወቁ ደንበኞች በእጁ ያለውን መግዛት አቆሙ፤ ኩባንያው መስከረም 1976 ዓ.ም. ላይ ከሰረ። ለውድቀቱ ሌሎች ምክንያቶች ቢኖሩም ይህ ስሕተት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼም፣ በመካነ ሰላም፣ በአቀስታና በወግዲ ላሉ ታናናሾቼም አንድ ሐሳብ አለኝ። በሚቀጥለው ነሐሴ አዲስ ወሬ ስትሰሙ አታፍኑት፤ ደብተር አውጡና ቀኑን ጻፉ። ወሬው ስንት ዋት፣ ስንት ግራም፣ ስንት ብር እንደሚል ለዩ፤ ቁጥር ከሌለው ቁጥር ስጡት። ይሆናል ወይም አይሆንም ያላችሁበትን ምክንያት በአንድ መስመር አስፍሩ። መሣሪያው ይፋ ሲሆን ደብተሩን ገልጣችሁ ራሳችሁን አርሙ። ለዛሬ ትምህርታችሁ የሚያስፈልጋችሁን ዕቃ ግን ለነገ ወሬ ብላችሁ አታዘግዩ።

ላሚቱ በሰማይ ብትሆንም ቢያንስ ስንት ሊትር ልትታለብ እንደምትችል እናስላ። ስሌቱን የለመደ ልጅ አንድ ቀን ራሷን ላሚቱን ወደ ምድር የሚያወርድበትን መንገድ መፈለጉ አይቀርም።