የቤተሰብ አምድ፦ የብስክሌተኛው ስንቅ



«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። ይህ አባባል ለጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን፣ በዕረፍት ቀኑ ብስክሌቱን ወልውሎ ለረጅም ጉዞ ለሚነሣ የሠራዊት አባልም እንደሚሠራ ከራሳችን ስሕተት ተምረናል። በዛሬው አምዳችን ይህንኑ ትምህርት ለጓዶቻችንና ለባለቤቶቻቸው እናካፍላለን።

ከቢሾፍቱ ተነሥተን በሞጆ በኩል አዳማ ደርሰን ለመመለስ፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆን የብስክሌት ጉዞ አዘጋጅተን ነበር። መሪዎቹ እኛ ነበርንና ጽናትን የምናስተምር መስሎን «ተመልሰን እስክንገባ ስንቁን የሚፈታ አይኑር» ስንል አዘዝን። ሲሄዱ ቁልቁለት የሚያመዝንበት መንገድ ሲመለሱ ዳገት ነው። በመልሱ ጉዞ ሞጆን እንዳለፍን አንድ ብርቱ ወጣት ወታደር ፊቱ ገረጣ፤ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው፤ እጆቹ ተንቀጠቀጡ፤ የጭነት መኪናዎች በሚመላለሱበት አውራ ጎዳና ጠርዝ ላይ ከነብስክሌቱ ወደቀ። የወደቀው ወደ ሣሩ ነበር፤ ወደ አስፋልቱ ቢያዘነብል ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ መንፈስ በጻፍነው ነበር። ስኳር የበዛበት ሻይና ሙዝ ከቀመሰ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ነፍስ ዘራ።

በማግሥቱ ባለቤቱ አግኝታን፣ «መቶ አለቃ፣ የቋጠርሁለት በሶ ሳይነካ ተመለሰ፤ ጣዕም አጥቶ ይሆን?» ስትል ጠየቀችን። በሶው ጣዕም አላጣም፤ ማስተዋል ያጣው ትእዛዛችን ነበር።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሰውነታችን ከእህልና ከፍራፍሬ ያገኘውን ስኳር በጡንቻና በጉበት ያከማቻል። ይህ ክምችት በብርቱ ግልቢያ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ቢያገለግል ነው። የሰውነት ስብ ብዙ ቢሆንም ኃይል የሚሰጠው በዝግታ ስለሆነ ለዳገት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ክምችቱ ያለቀበት ሰው ወኔ ስላነሰው ሳይሆን ነዳጅ ስላለቀበት ይቆማል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ፣ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ የተወዳደሩበት የጎዳና ውድድር 188 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። እንዲህ ያለውን ርቀት በባዶ ሆድ የሚወጣው ጀግና የለም።

እንግዲህ ዝግጅቱ ከዋዜማው ራት ይጀምራል። እንጀራ፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ ወይም ድንች በቂ ነው፤ ቅቤና በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ እንዲሁም ጥሬ ሥጋ ለሌላ ቀን ይቆይ። ጠዋት፣ ቢቻል ከጉዞው 3 ሰዓት በፊት፣ ቅቤው የቀነሰ ገንፎ፣ ቂንጬ ወይም ዳቦ በማር መብላት ይገባል። ይህ ሲባል ግን የቤት እመቤት በሌሊት ተነሥታ እሳት ታንድድ ማለታችን አይደለም። ራቱን በሚገባ የበላ ሰው ከመነሣቱ በፊት አንድ ሙዝና አንድ ኩባያ ሻይ ቢወስድ ይበቃዋል። በሶ መበጥበጥም ወታደር ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ሙያ ስለሆነ ለሚስት የሚተው አይደለም።

በጉዞ ላይ ዋናው ደንብ «ሳይርብህ ብላ፣ ሳይጠማህ ጎንጨት በል» የሚለው ነው። ከ1 ሰዓት በላይ ለሚፈጅ ጉዞ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ያስፈልጋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል፣ 50 ግራም በሶ ደግሞ 35 ግራም ያህል ይሰጣል። ቴምር፣ የተቀቀለ ድንች በጨው፣ ዳቦ በማርም መልካም ናቸው። ቆሎ ግን ለዕረፍት ቦታ ይሁን፤ እያለከለኩ ሲቆረጥሙት ትን ሊል ይችላል።

ለኮዳው የሚሆን መጠጥም ከጓዳ አይጠፋም። በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 5 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የአንድ ሎሚ ጭማቂ መበጥበጥ ነው። በየሰዓቱ እንደ ሙቀቱ ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር መጠጣት ይበቃል፤ ያለ ልክ ውኃ መጠጣትም እንደ ጥም ሁሉ ይጎዳል። ከጉዞ መልስ ደግሞ እንጀራ በምስር ወይም ዳቦ በእንቁላል የደከመውን ጡንቻ ይጠግናል። የስኳር ሕመም ያለበት ጓድ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ ትእዛዛችንን ለውጠናል። በየ30 ደቂቃው መሪው እጁን ያነሣል፤ ሁሉም ጥቂት ይቀምሳል፤ መሪው ራሱ አስቀድሞ ይቀምሳል። ያ ወጣትም በሚቀጥለው ጉዞ ከሁላችን ጋር በደህና ገባ። ባዶውን የበሶ ቋጠሮ ለባለቤቱ ሲመልስላት ዳግመኛ ስለ ጣዕሙ አልጠየቀችንም።

እስከ ሳምንት ደኅና ሰንብቱ።