ዴዲኬትድ መስመር የሚገዛ ድርጅት ምኑን ነው የሚገዛው?

የቤት ኢንተርኔት ከጎረቤት ጋር የሚካፈሉት ነገር ነው። ማታ ሁሉም ቪዲዮ ሲከፍት ይንቀረፈፋል፤ ደንበኛው አጉረምርሞ ይተኛል። ለድርጅቶች የሚሸጠው ዴዲኬትድ መስመር ግን ሌላ ነው። 20 ሜጋ ቢት የገዛ ድርጅት ያንን አቅም ለብቻው ይይዛል፤ የመላኪያው ፍጥነትም ከመቀበያው እኩል ነው። ዋጋው የቤቱን ብዙ እጥፍ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ገዢው ብዙ ጊዜ የሚከራከረው "ስንት ሜጋ ነው?" እያለ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን "ሲቋረጥስ?" የሚለው ነው።

ውሉ ላይ "99.5 በመቶ" የሚል ቁጥር ሲታይ ደስ ይላል። ስሌቱ ግን ይሠራ። በ30 ቀን ውስጥ 720 ሰዓት አለ፤ ግማሽ በመቶው 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው። የሚለካው በዓመት ከሆነ ደግሞ መስመሩ በአንድ ጊዜ ለ43 ሰዓት ቢጠፋም ውል ፈረሰ አይባልም! ከውጭ አገር ደንበኛ ጋር የሚሠራ የጥሪ ማዕከል በ43 ሰዓት ውስጥ ደንበኛውን ሊያጣ ይችላል። ካሳው "ያልሠራበት ቀን ሒሳብ ይቀነሳል" የሚል ብቻ ከሆነ ደግሞ የሚመለስለት የሁለት ቀን ኪራይ ነው። ይህ ካሳ ሳይሆን መልስ መስጠት ነው።

መፍትሔው ሁለተኛ መስመር መግዛት ነው የሚሉ አሉ። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ፋይበር በአንድ ቦይ ወደ ሕንፃው ከገባ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል። መንገዱ በየጊዜው በሚቆፈርበት ከተማ ይህ ተራ ስጋት አይደለም። ስለዚህ ገዢው ኬብሎቹ በየት በኩል እንደሚያልፉ በካርታ ይጠይቅ። አንዱን በገመድ አልባ ማድረግም ይቻላል።

"ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት" የሚለው አንቀጽም በደንብ ይነበብ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የኪራዩን ሒሳብ ማን ይሸከማል? ውሉ ዝም ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ተሸካሚው ደንበኛው ነው።

ባንክ ጠበቃ አለው፤ አንቀጽ በአንቀጽ ይደራደራል። አሥር ሠራተኛ ያለው የሶፍትዌር ድርጅት ግን የታተመ ቅጽ ተሰጥቶት ይፈርማል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሊገባ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የትኛውም የድርጅት መስመር ውል ሦስት ነገሮች ሊኖሩት ይገባል። መቋረጡ በወር ይለካ፤ የጥገናው ሰዓት በግልጽ ይጻፍ፤ ካሳው ደግሞ ደንበኛው ደብዳቤ ይዞ ሳይመላለስ፣ ከጠፋው ጊዜ ኪራይ በእጥፍ ከሚቀጥለው ወር ሒሳብ ላይ ይቀነስ።