የህንድ እራት በማኅበር ገንዘብ



ባለፈው ወር ማኅበራችን ሦስት ሰዎች ወክሎ ወደ አዲስ አበባ መላኩ ይታወሳል። የተላኩበትም ምክንያት ለለቅሶ የሚሆን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ዋጋ አጥንተው እንዲመጡ፣ እግረ መንገዳቸውንም እዚያ የሚኖሩትን የቆቦ ልጆች አግኝተው ስለ እርዳታ እንዲያነጋግሩ ነበር። ሄደው በሰላም ተመልሰዋል። ዋጋውንም አጥንተው አምጥተዋል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል።

ነገር ግን ካስረከቡት ደረሰኝ ውስጥ ሁለቱ ሰፈሩን በሙሉ እያነጋገሩ ነው። አንደኛው ቦሌ አካባቢ በአንድ ትልቅ የህንድ ምግብ ቤት የተበላ የስድስት ሰው እራት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በማግስቱ ከዚያው ቤት በስልክ ታዝዞ፣ ካረፉበት ሆቴል ድረስ በሞተር የመጣ ምግብ ነው። የቤቱን ስም አንጠራም፤ ጠባችን ከምግብ ቤቱ ጋር አይደለምና። ቤቱ የታዘዘውን አቀረበ፣ ሂሳቡን ተቀበለ፣ ደረሰኝም ቆረጠ። ጥያቄያችን ለራሳችን ነው፤ ይኸውም የማን ገንዘብ ተበላ? የሚል ነው።

ሂሳቡን እንየው። የዋጋ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው የምግቡና የለስላሳው ድምር 7,500 ብር ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ቤት የገባ ሰው በዝርዝሩ ላይ ያየውን ብቻ ከፍሎ አይወጣም። የአገልግሎት 10 በመቶ ይጨመራል፤ 750 ብር። በዚህ ድምር ላይ ደግሞ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ይመጣል፤ 1,237 ብር ከ50 ሳንቲም። በጠቅላላው 9,487 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። በሞተር የመጣው ከነማድረሻው 2,150 ብር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 11,637 ብር ከ50 ሳንቲም። የማኅበራችን የወር መዋጮ በሰው 50 ብር ነው። እንግዲህ አስሉት፤ የ233 አባል የአንድ ወር መዋጮ በሁለት ገበታ አለቀ! ከእነዚህ ውስጥ ሽንኩርት ተሸክማ የምታድር፣ ጠላ ሸጣ 50 ብሯን ቋጥራ የምታመጣ እናት አለች። አገራችን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሁለት ጊዜ የገባባት፣ ብዙ ቤት ገና ያላገገመባት መሆኗን ማን ይረሳል?

በዚህ ጉዳይ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። እኛ ግን ሁለቱም ወገን ነገሩን ስቶታል እንላለን።

የመጀመሪያው ወገን የሚስቀው በምግቡ ነው። «ጤፍ እያለ ህንድ ቤት ምን ወሰዳቸው? ያ ደግሞ ምግብ ነው?» ይላል። ይህ አነጋገር ትክክል አይደለም። ህንዱ ወጥ የሚሠራበትን ቅመም ብንመረምረው አብዛኛው በእናቶቻችን ሙዳይ ውስጥ ያለ ነው። እርድ፣ ድንብላል፣ ዝንጅብል፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፤ ይኸው ነው። በርበሬ እንኳ ለሁለታችንም እንግዳ ነበር። ዘሩ የአሜሪካ አገር ነው፤ ህንድም የገባው የዛሬ 500 ዓመት ገደማ በፖርቱጋሎች መርከብ ነው። ዳል ብለው የሚያቀርቡት የምስር ወይም የክክ ወጥ ነው። ሽምብራንም ብንል ከዓለም አንደኛ አምራቿም ተመጋቢዋም ህንድ ናት፤ ከአፍሪካ ደግሞ በሽምብራ የምትታወቀው አገራችን ናት። በሸዋ ሮቢትና በወሎ ቆላ የሚመረተው ማሾ ከሚሸጥባቸው አገሮች አንዷ ራሷ ህንድ ናት። በረመዳን ማታ ማታ መንገድ ዳር የምንገዛው ሳምቡሳ ከእነሱ ሳሞሳ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። ናን የሚሉትም ቂጣ የስንዴ ሊጥ በጋለ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚበስል ነው። ሸክላና እሳት ለእኛ ምን አዲስ ነገር ነው?

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም ሆነ በደርግ ጊዜ በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ብዙዎቹ ህንዶች፣ በተለይም የኬራላ ሰዎች ነበሩ። ከእኛ ከፍ ብለው የተማሩት ታላላቆቻችን ይህንን ያውቃሉ። የአስተማሪህን ምግብ አትናቅ። አዲስ አበባ ቦሌ መንገድ ላይ እንደ ሳንጋም ያለ የህንድ ምግብ ቤት ለብዙ ዓመታት ስሙ የታወቀው ደንበኛ ስለወደደው እንጂ በግድ አይደለም። ስለሆነም ከኪሱ አውጥቶ የህንድ ምግብ የሚበላን ሰው ማንም አይሳቅበት። ሁላችንም ብንቀምሰው አንጠላውም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ የባሰ ነው። «ማኅበር ክብር አለው፤ እንግዳ ሲጋበዝ በደህና ቦታ ነው። አዲስ አበቤዎቹ ገጠሬ ናቸው ብለው እንዳይንቁን ነው» ይላል። እዚህ ላይ አጥብቀን እንከራከራለን። የማኅበር ክብር ከመቼ ወዲህ ነው በምንጣፍና በጨርቅ ናፕኪን የሚለካው? ክብራችን አባል ሲሞት ድንኳኑ ሳይዘገይ መተከሉ ነው። ክብራችን ሐዘንተኛ ቤት ብረት ድስት አለመጉደሉ ነው። አሁን ያለው ድንኳን በሁለት ቦታ ተቀዷል፤ በክረምት ለቀስተኛው ጥግ ጥጉን ሲሸሽ ያላየ የለም። ድንኳን ሊገዛ የሄደ ሰው የድንኳኑን መነሻ ገንዘብ በልቶ ሲመጣ፣ ይህ ክብር ነው ውርደት? አባቶች «በሞኝ ክምር ዝንጀሮ ልጁን ይድርበታል» ያሉት ለዚህ ነው። ክምሩ የአባላት ነው፤ ሠርጉ የሦስት ሰው ሆነ።

ደግሞስ የተጋበዙት እነማን ናቸው? ከዚሁ ከራያ ቆላ የወጡ፣ የማሽላ እንጀራ በልተው ያደጉ ልጆቻችን ናቸው። ወሬው እንደ ደረሰን ከሆነ ከተጋባዦቹ አንዱ ገበታው ላይ «ደጋሊት ወይም ጅጉርቲ ይዛችሁልን መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ» ብሏል። እንግዳው የናፈቀው የአገሩን ማሽላ ሆኖ ሳለ ግብዣው ሌላ ሆነ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሄደ መኪና አንድ ቁምጣ ማሽላና አንድ አገልግል መጫን አይችልም ነበር? ዋጋው ለእኛ ቀላል ይሆን ነበር፤ ለእነሱም ክብሩ ይበልጥ ነበር።

ስለ ጾምና ስለ ሃይማኖት አንድ ነገር እናስገንዝብ፤ ወደፊት በግሉ ለሚሄድም ይጠቅማል። እራቱ የተበላው ረቡዕ ነበር። «አትክልት ስለሆነ የጾም ነው» ተብሎ ታዘዘ። በህንድ ወጥ ቤት ግን አትክልት ማለት ሥጋ የሌለው ማለት ብቻ ነው። ቅቤ፣ እርጎ፣ ክሬምና ፓኒር የሚባለው አይብ ለእነሱ ከአትክልት ጋር ይሄዳል፤ ለእኛ ጿሚ ግን ይገድፋል። ስለዚህ ክርስቲያኑ ወተትና ቅቤ እንደሌለበት፣ ሙስሊሙም ሥጋው የእስላም መሆኑን ሳይጠይቅ አይዘዝ። ማኅበራችን የሁለቱም እምነት ተከታዮች ማኅበር ነው። አብረን ስንበላ የኖርነው በሽሮና በምስር ዙሪያ ተቀምጠን ነው፤ ገበታው ማንንም አያስቀርም። በማኅበር ስም የሚቀርብ ምግብ እንደዚህ ያለ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። አዲስ አበባ ምግብ በስልክ አዝዞ ቤት ድረስ ማስመጣት ተለምዷል፤ ዴሊቨር አዲስ፣ ቢዩ የሚባሉ ስሞች እዚህም ተሰምተዋል። ሥራው መጥፎ ነው አንልም። ለታመመ፣ ሕፃን ለያዘች፣ ከሥራ መነሳት ለማይችል ሰው ጥሩ ነው፤ ለብዙ ወጣትም እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን ሦስት ጤነኛ ሰዎች፣ ከሆቴላቸው በር ላይ ሽሮ ቤት እያለ፣ ለምን ከቦሌ በሞተር አስመጡ? ናን ከምድጃ ወጥቶ ወዲያው ካልተበላ ቆዳ ይሆናል። በፌስታል ታሽጎ መንገድ ሲጨናነቅበት ደግሞ በእንፋሎቱ ይርሳል። ራሳቸው «ቀዝቅዞ ደረሰ፣ ግማሹን ተውነው» ብለው ነግረውናል። ያመጣውም ልጅ የእኛው አካባቢ ልጅ መሆኑን በአነጋገሩ አውቀውታል። ታዲያ ለቤቱ 10 በመቶ የአገልግሎት ሲከፍሉ ያላመነቱ ሰዎች በፀሐይ ለመጣው ለአገራቸው ልጅ አንዲት ብር ጉርሻ አልሰጡም። ይህንንም ያወሩልን እንደ ጨዋታ ነው። እኛ ግን አላሳቀንም።

የህንድን ነገር እንከተል ከተባለ እኮ የሚከተሉት አለ። ቦምቤ ይባል በነበረው ሙምባይ ከተማ ዳባዋላ የሚባሉ ሰዎች አሉ። ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እናትና ሚስት ቤት የሠራችውን ምሳ በቆርቆሮ ሰሐን ተቀብለው፣ በባቡርና በብስክሌት እሠራተኛው መሥሪያ ቤት ያደርሳሉ። የቅንጦት አይደለም፤ የቤት ምግብ ነው። እንደዚሁም ሲክ የሚባሉት የህንድ አማኞች በየጸሎት ቤታቸው ላንጋር የሚሉት ወጥ ቤት አላቸው። ሀብታምና ድሀ፣ የየትኛውም ሃይማኖት ሰው መሬት ላይ እኩል ተቀምጦ በነጻ ይበላል። አምሪትሳር በምትባለው ከተማ ባለው ትልቁ ቤተ መቅደሳቸው በቀን አሥር ሺዎች ይመገባሉ። ምግቡም ሁሉም ይበላው ዘንድ ሥጋ የለበትም። በጋራ ገንዘብ የሚበላ ምግብ ማለት እንዲህ ነው። የእኛ ተወካዮች ከህንድ አገር የቀዱት ግን ይህንን ሳይሆን ውዱን ብቻ ነው።

ኧረ ሩቅ ምን ያስኬደናል? ምግብ ቤት ድረስ ማድረስን ከማንም አልተማርነውም። ጎረቤት ሲሞትበት ሐዘንተኛው እሳት እንዳያነድ እንጀራውንና ወጡን በመሶብ ተሸክመን የምንሄድ ማን ነን? ለአራሚና ለአጫጅ በአገልግል ማሳ ድረስ የምታደርስ ማን ናት? ማድረሻ ተከፍሏት ታውቃለች? የማኅበራችን መሠረት ይኸው ነው። የዚህ ማኅበር ገንዘብ ለሞተር ማድረሻ ሲውል ነገሩ ተገለበጠ ማለት ነው።

አንዳንዶች «ሦስት ሰው ስለ በላው እራት ይህን ያህል ወረቀት ምን ያስጽፋል? ይታለፍ» ይሉናል። አይታለፍም። ዛሬ እራት ካለፈ ነገ አልጋ ያልፋል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ድንኳኑ ራሱ። መዋጮ የሚሰበሰበው በመተማመን ነው። 50 ብሯ የት እንደገባ ያላወቀች እናት በሚቀጥለው ወር ብትቀር ማን ይወቅሳታል? ገንዘብ የጎደለው ማኅበር ይሞላል፤ እምነት የጎደለው ግን ይፈርሳል። ተወካዮቹ ሌቦች ናቸው አላልንም። ደረሰኝ ይዘው መጥተዋል፤ አልደበቁም። «መስተንግዶ» የሚለው ቃል ልክ ስላልተቀመጠለት ግን ሰፋ፤ እስከ ቦሌም ደረሰ።

ስለዚህ የፊታችን እሁድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ አባላት በሚከተሉት ነጥቦች ላይ ተወያይተው እንዲወስኑ እናሳስባለን፦

አንደኛ፤ 11,637 ብር ከ50 ሳንቲም በመስተንግዶ ስም እንዳይወራረድ፤ ሦስቱ ተወካዮች ተካፍለው በሦስት ወር ውስጥ ለገንዘብ ያዡ እንዲመልሱ።

ሁለተኛ፤ ከእንግዲህ በማኅበሩ ሥራ መንገድ ለሚሄድ ሰው የቀን አበል ከመነሻው በገንዘብ ተቆርጦ እንዲሰጠው። በዚያ ገንዘብ ህንድ ቤት ይብላ ሽሮ ቤት፣ ምርጫው የራሱ ነው፤ ማንም አይጠይቀውም።

ሦስተኛ፤ እንግዳ የሚጋበዘው እዚሁ በአገር ምግብ እንዲሆን፤ ለሚያዘጋጁት ሴት አባሎቻችንም የድካማቸው እንዲከፈላቸው። እስከ ዛሬ በነጻ ስናሠራቸው ኖረናል፤ ለሰው አገልግሎት 10 በመቶ ከከፈልን ለእነሱ የማንከፍልበት ምክንያት የለም።

አራተኛ፤ የሚመለሰው ገንዘብ ለድንኳኑ መግዣ ብቻ እንዲውል።

ሁለቱም ደረሰኞች በጽሕፈት ቤቱ ይገኛሉ። ማየት የሚፈልግ አባል መጥቶ ማየት ይችላል፤ ማንበብ ለማይችል እናነብለታለን። ቅር ያለው ሰው በጠላ ቤት ከሚያማ ስብሰባው ላይ ይናገር። ተወካዮቹም መልስ ካላቸው በዚሁ ሰሌዳ ላይ ቦታ እንሰጣቸዋለን።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ቆቦ