60 የተጻፈበት ፍሪጅ

አንዲት የመሰላ ጎረቤታችን ከሪያድ ስትመለስ ፍሪጅ ይዛ መጣች። ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ካጠራቀመችው የገዛችው ነው። እናቷ ለጎረቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛ ውኃ አቀረቡ፤ እኔም ጠጥቻለሁ። ጥቅምት ላይ ጀርባው እንደ ምድጃ ይግል ጀመር፤ ኅዳር ላይ ቆመ። ከቺሮ የመጣው ጠጋኝ ከፍቶ አየና «ጋሼ፣ ኮምፕሬሰሩ ነዷል» አለኝ። «መብራቱ ነው የበላብን ልጄ» አሉ እናቷ። ስታብላይዘር ግን ነበረው።

ጎንበስ ብዬ ከጀርባው የተለጠፈውን አነበብኩ፦ 220 ቮልት፣ 60 ኸርዝ።

የእኛ አገር መስመር 50 ኸርዝ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። የሳዑዲ ዓረቢያው 60 ነው። ቮልቱ እስከገጠመ ድረስ ለምጣድና ለካውያ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም፤ ሙቀት እንጂ ዙር አይፈልጉምና። ሞተር ያለው ዕቃ ግን በአብዛኛው ዙሩን የሚቀበለው ከመስመሩ ነው። እዚያ በደቂቃ ወደ 3600 ዙር እንዲዞር የተሠራው እዚህ ወደ 3000 ይወርዳል። ቅዝቃዜው ይቀንሳል፣ ፍሪጁም ሳያርፍ ይሠራል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ አለ፦ የሞተሩ ብረት ከተሠራበት ልክ በላይ መግነጢስ ይሸከማል፣ ኩረንት አብዝቶ ይስባል፣ ይግላል። ሌሊት ምጣዱ ሁሉ ተነቅሎ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ግለቱ ይጨምራል። ስታብላይዘሩ የሚያስተካክለው ቮልቴጅን ብቻ ነው፤ 50ውን 60 አያደርገውም።

ይህ የ50ና የ60 ልዩነት የመንግሥታትም ራስ ምታት ሆኖ ያውቃል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች መስመራቸውን ሲያገናኙ ሌሎቹ 50 ስለሆኑ ሳዑዲን በቀጥታ መቀጠል አልተቻለም። አል ፋዲሊ ላይ መለወጫ ጣቢያ መገንባት ነበረበት።

«የእኛ መስመር ራሱስ 50 ላይ ይቆማል ወይ?» ለሚለኝ መልሴ የሠርግ ቤት ጄኔሬተር ነው። ድምፅ ማጉያው፣ አምፖሉ፣ የውኃ ማፍያው በአንድ ጊዜ ሲሰኩበት ያቃስታል፤ ዙሩ ይወርዳል፤ ቬንትሌተሩም ይዘገያል። ግልገል ጊቤና ዓባይ ላይ ያሉት ግዙፍ ተርባይኖችም አገሩ ከሚያመነጩት በላይ ሲጠይቃቸው እንዲሁ ይከብዳቸዋል። ቁጥሩ በጣም ከወረደ መረቡን ለማዳን የተወሰነ አካባቢ ወዲያው ይቆረጣል። በደህናው ቀን ግን ውዝዋዜው ጥቂት ነው። ጥቂቱም ቢሆን ሲጠራቀም ይታያል፦ በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሰርቢያና በኮሶቮ የኃይል ውዝግብ የአውሮፓ መስመር በአማካይ 49.996 ሆኖ ሰነበተ፤ ከመስመሩ ጊዜ የሚቆጥሩ ሰዓቶች 6 ደቂቃ ያህል ዘገዩ። ፍሪጅ ግን በዚህ አይነድም። ማታ ማታ አምፖላችንን የሚያደክመውም የቮልቴጅ መውረድ ነው፤ ለዚያ ስታብላይዘሩ ይረዳል።

በሱቅ ጄኔሬተር ግን ተጠንቀቁ። ቤንዚን ልቆጥብ ብሎ ዙሩን ዝቅ የሚያደርግ ሰው 50ውን አብሮ ያወርዳል፤ ከዚያ ላይ ፍሪጅ መሰካት የለበትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ሁሉ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት በአንድ እይታ የሚታወቅ መሆኑ ነው። የስልክ ቻርጀራችሁን ገልብጡት፤ «50/60» ይላል፤ ሁለቱንም ይችላል። ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የውኃ ፓምፕም የሚችለውን በጀርባው ይናገራል። ከዱባይ የሚመጣው 50 ስለሆነ በዚህ በኩል አያሳስብም።

ሪያድና ጅዳ ያላችሁ እህቶቻችን፣ ወንድሞቻችን፦ ሞተር ያለው ዕቃ ስትገዙ ከጀርባው ያለውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ እዚህ ላለ ጠጋኝ ላኩ። 60 ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ፍሪጁን ከዚሁ እንገዛዋለን።