የኩላሊት ሕመምተኛና የሕመም ማስታገሻ ክኒን





በየመሥሪያ ቤቱ ከወንበር ሲነሣ ወገቡን ይዞ «ኩላሊቴን አመመኝ» የማይል ሠራተኛ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመው ግን የጀርባ ጡንቻ እንጂ ኩላሊት አይደለም፤ ኩላሊትስ ሲደክም ብዙ ጊዜ በዝምታ ነው። እኛ ግን ዲክሎፌናክ ገዝተን እንውጣለን። ላልታመመው ኩላሊት ብለን የገዛነው ክኒን ውሎ አድሮ ኩላሊቱን ሊያሳምመው እንደሚችል የሚነግረን የለም።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ የአጎቴ ነገር ነው። አጎቴ በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ስኳርና የደም ብዛት ያለባቸው ሰው ናቸው። ኩላሊታቸው መድከሙ በደም ምርመራ ከታወቀ በኋላም ለጉልበታቸው ሕመም ዲክሎፌናክ በየቀኑ ይውጡ ነበር። እርሳቸው ለሐኪሙ አልነገሩም፤ ሐኪሙም አልጠየቃቸውም።

ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ሕመምን የሚያበርደው ፕሮስታግላንዲን የተባለውን የሰውነት ቅመም በመከልከል ነው። ይኸው ቅመም ግን ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ሥር ከፍቶ የሚይዝ ነው። ቅመሙ ሲጎድል ሥሩ ይጠባል፤ ጨውና ውሃ በሰውነት ይጠራቀማል፤ የደም ብዛትም ይጨምራል። እንደ ኢናላፕሪል ያለ የደም ብዛት መድኃኒትና የሚያሸና ክኒን አብሮ ለሚወስድ ሰው አደጋው ይበረታል። አጎቴ ሦስቱንም ይወስዱ ነበር።

«ክኒን ምን ያደርጋል» ለሚሉ፣ ፌናሴቲን የተባለው ማስታገሻ በስዊድንና በአውስትራልያ እንደ ቡና ተለምዶ የብዙ ሰው ኩላሊት አበላሽቷል፤ በአሜሪካም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ከገበያ ወጥቷል።

ነገሩ ሲታወቅ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ተኬደ። አጎቴ «ከእንግዲህ ምንም ማስታገሻ እንዳይነኩ» ተባሉ፤ ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው ሲያቃስቱ አነጉ። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሕመሙን ችሎ ይቀመጥ ማለት ሕክምና አይባልም። ፓራሲታሞል በልክ ሲወሰድ ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ በመጀመሪያ የሚመረጥ ነው፤ ብዙ ሐኪሞች ባለ 500 ሚሊግራሙ በቀን ከ6 ፍሬ እንዳይበልጥ ያዛሉ። ሕመሙ ከጸና ትራማዶል መጠኑ ተቀንሶ፣ ሰዓቱም ተራርቆ ይሰጣል። ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው ጋባፔንቲንም እንደ ኩላሊቱ አቅም ይቀነሳል። ሞርፊን ግን ዝቃጩ በኩላሊት የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ሲጠራቀም ያደነዝዛል፤ ትንፋሽንም ያዳክማል፤ በእርሱ ፈንታ ፌንታኒልን የመሰለ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። መንገዱ አለ፤ የሚጠይቅና የሚመዝን ሐኪም ብቻ ይፈልጋል።

በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የነበሩት ነርስ ራሱን ላመመው ልጅ እንኳ «ሌላ ምን ትወስዳለህ?» ሳይሉ ክኒን አይሰጡም ነበር፤ እኛም እንስቅባቸው ነበር። ባለመድኃኒቶቻችንን የምለምነው ዲክሎፌናኩን ከመሸጣቸው በፊት ይህንኑ ጥያቄ እንዲጠይቁና «ኩላሊትዎን ተመርምረው ያውቃሉ?» የሚለውን እንዲጨምሩበት ነው።

አጎቴ ዛሬ በሌላ ሐኪም ምክር ፓራሲታሞል እየወሰዱ ሌሊቱን ይተኛሉ። የሚወስዱትንም ሁሉ በትንሽ ደብተር ጽፈው በኮታቸው ኪስ ይዘዋል፤ የመዝገብ ቤት ሰው ናቸውና እያንዳንዱን መድኃኒት ቁጥር ሰጥተውታል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ