ከራጅ በፊት የምትጠየቅ ጥያቄ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከምትገኘው ከአማኑኤል ከተማ የመጣች አንዲት ወጣት የራጅ ሙያ በመማር ላይ ነች። ትምህርቱን ስትጀምር እናቷ ብዙም ደስ አላላቸውም። «ልጄ፣ ያ ጨረር ማኅፀንሽን ቢያደርቀውስ?» ሲሉ ጠይቀዋታል። ሥጋቱ የእኒህ እናት ብቻ ባለመሆኑ ተማሪዋን ስለ ሙያዋ አነጋግሬያታለሁ።

ጀርመናዊው ሊቅ ሮንትገን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ራጅን ባገኘ ጊዜ ቀድሞ ካነሣቸው ሥዕሎች አንዱ የባለቤቱ የአና በርታ እጅ ከነቀለበቷ ነበር። ብረት ጨረሩን አያሳልፍምና ቀለበቱ ጎልቶ ታየ። የራጅ ተማሪም ከሁሉ በፊት የምትለምደው ይህንኑ ነው፤ የሚነሣው አካል ላይ ብረት እንዳይኖር ማየት።

በአገራችን ደግሞ ነገሩ ማተብ ላይ ይደርሳል። «ማተብሽን በጥሺ» የሚል ባለሙያ ከባላገር እናት ጋር አይግባባም፤ መግባባትም የለበትም። ክሩ ችግር የለውም፤ ችግሩ መስቀሉ ነው። ተማሪዋ መስቀሉን ወደ ላይ ስባ «በከንፈርዎ ይያዙልኝ፣ እማማ» ትላለች። ወደ ጀርባ የወረደ ሹሩባም ወደ ላይ ይሰበሰባል። ምክንያቱም ጸጉሩ በሳንባው ጫፍ ላይ ጥላ ይጥላል፤ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ደግሞ እዚያው ጫፍ ላይ ነው።

ለደረት ራጅ ታማሚዋ ደረቷን ከሰሌዳው አስጠግታ ትቆማለች፤ ጨረሩ 180 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከኋላዋ ይመጣል። ልብ ወደ ፊት ስለሚያደላ ለሰሌዳው ሲቀርብ ከመጠኑ ብዙ አይተልቅም። እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ትከሻዋን ወደ ፊት ትገፋለች፤ በረጅሙ ተንፍሳም ትይዛለች። ትንፋሹ በደንብ ካልተያዘ ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ሥራው ሊደገም ነው፤ ጨረሩም እንዲሁ።

ከሁሉ የከበዳት ግን መጠየቅ ነው። አንድ ቀን ከአማቷ ጋር የመጣችን ሙሽራ «እርጉዝ ነሽ?» አለቻት። «አይደለሁም» አለች አንገቷን ደፍታ። አስተማሪዋ ሙሽራይቱን ለብቻዋ ወስደው የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ሲጠይቋት ቀኑ አልፏል። ራጁ ቆመ፤ ጉዳዩም ወደ ላከቻት ሐኪም ተመለሰ። በአማት ፊት እውነቱን የምትናገር ሙሽራ ስንቷ ናት?

ጥያቄው ታሪክ አለው። እንግሊዛዊቷ ሐኪም አሊስ ስቱዋርት ልጆቻቸው በካንሰር የሞቱባቸውን እናቶች ጠይቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣችው ጽሑፍ በእርግዝና ወቅት ሆዳቸው በራጅ የታየ እናቶች ልጆች በካንሰር የመሞት ዕድላቸው እጥፍ ያህል መሆኑን አመለከተች። ብዙ ባልደረቦቿ ለዓመታት አልተቀበሏትም። ዛሬ ፅንስ የሚታየው በአልትራሳውንድ ነው፤ እርሱ ጨረር የለውም።

ይህ ሲባል ግን ሳታውቅ ደረቷን የተነሣች ነፍሰ ጡር ትደንግጥ ማለት አይደለም። ከደረት ራጅ ወደ ፅንሱ የሚደርሰው ጨረር እጅግ ጥቂት ነው፤ ለሐኪሟ ትንገር። ሳል ሁለት ሳምንት ያለፋት እናትም ራጅ ፈርታ ከምርመራ አትቅር። ጨረሩ መሣሪያው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ሰውነት ውስጥ አይቀርም። የምታጠባም ወዲያው ልታጠባ ትችላለች።

ለእናቷ ጥያቄ ተማሪዋ የመለሰችው በሥራዋ ነው። መሣሪያው ሲነሣ ከእርሳስ ግርዶሹ ኋላ ትቆማለች። ከጨረሩ ምንጭ በእጥፍ የራቀ ሰው የሚደርሰው አንድ አራተኛው መሆኑን ተምራለች። ደረቷ ላይ የደረሰባትን ጨረር የሚመዘግብ ትንሽ ምልክት አለ፤ እርሱም በየጊዜው ይነበባል። እናቷ ይህን ሰምተው «እንግዲያው ያቺን ነገር እንዳትጥያት» ብለዋታል።

ሕፃን ልጃችሁ ሲነሣ ያዙት ብትባሉ የእርሳስ ሽርጡን ጠይቃችሁ ልበሱ። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ከጠረጠራችሁ ደግሞ አባትየው ይያዘው።