ዘፈኑ ሲጀመር ሩጥ!

«ዘፈን ብቻ የሚያሰማ ራዲዮ ምን ይፈይዳል?» የሚሉ አዋቂ ነን ባዮች ሞልተዋል። እኔ የአንዲት ትንሽ ከተማ ራዲዮ ጣቢያ ታሪክ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

አገሩ አሜሪካ ነው። በምዕራብ ዳር ባለችው ዋሽንግተን ግዛት (ዲሲን አላልኩም) ያኪማ የሚባል ሸለቆ አለ። ፖም፣ ወይን፣ ቼሪና ለቢራ የሚሆነው የፈረንጅ ጌሾ የሚመረትበት ነው። አዝመራውን በመልቀም ወገቡ የሚጎብጠው ደግሞ በአብዛኛው ስፓንኛ ተናጋሪ ሠራተኛ ነው። በዚሁ ሸለቆ፣ ግሬንጀር በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 1979 ኬዲኤንኤ የተባለ የስፓንኛ ኤፍ ኤም ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ፊደላቱን በስፓንኛ ስትጠሯቸው «ካዴና» ይሰጣሉ፤ ሰንሰለት ማለት ነው። የጣቢያው መፈክር «የእርሻ ሠራተኛው ድምፅ» ነበር። ራዲዮ የመንግሥት አፍ ብቻ ሆኖ ላደግን ሰዎች ይሄ ራሱ ተረት ይመስላል።

ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችው ሮሳ ራሞን ሥራ አስኪያጅ ሆነች። በ1979 ሴት ሥራ አስኪያጅ! ሌሎች ሴቶችንም እያሠለጠነች ማይክራፎን ፊት አስቀመጠች። ሴትን የሚያዋርድ ዘፈን አናሰማም የሚል አቋምም ያዙ። አኮርዲዮኑ ይንቆረቆራል፤ በዘፈንና በዘፈን መሀል ስለ ደሞዝ መብት፣ ስለ ጤና፣ እርሻው ላይ ስለሚረጨው የተባይ መርዝ ይነገራል።

መሥራቾቹ እንደሚተርኩት የኢሚግሬሽን ፖሊስ ወደ እርሻው መውረዱ ሲሰማ ጣቢያው «ላ ሚግራ» የሚል ዘፈን ይለቅ ነበር። ላ ሚግራ ሠራተኛው ለዚያ ፖሊስ ያወጣለት ስም ነው። እንግዲህ ሰሙ ዘፈን፣ ወርቁ «ሽሹ!» መሆኑ ነው። ቅኔ የኛ ብቻ ይመስለን ነበር። በሉ እስቲ፣ ዘፈን አሰማህ ተብሎ ሰው ይከሰሳል?

«ሕገወጥ አስመለጡ» የሚል አይጠፋም። ታዲያ በ1986 የምሕረት ሕጉ ሲወጣ፣ ማን መብት እንዳለውና የት ሄዶ እንደሚያመለክት ለለቃሚው የነገረው ያው ራዲዮ ነው። በዚያ ሕግ በመላው አሜሪካ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ሕጋዊ ሆኗል። ሲያባርሩት ሽሽ ያለውን ጣቢያ ሕዝቡ አምኖታልና ና ሲለው መጣ። የመንግሥት መግለጫ ብቻውን ቢነበብለት ኖሮ ወጥመድ ነው ብሎ ጭራሽ ይደበቅ ነበር።

ይህ ጣቢያ ንግድ አያውቅም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ራዲዮ መንግሥት ይደጉም ነበር። በጁላይ 2025 የአሜሪካ ኮንግረስ ለሕዝብ ራዲዮና ቴሌቪዥን የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘው። የትልቅ ከተማ ጣቢያ ደህና ገቢ ያለው አድማጭ አለው፤ ያዋጣለታል። ፖም ለቃሚው ከየት ያምጣ? «ነፃ ገበያው ይተካዋል» ይሉናል። አዎ፣ ይተካዋል! ፖሊስ እርሻው ደጃፍ ሲደርስ የሳሙና ማስታወቂያ በሚለቅ ራዲዮ።